ቀዩ ሞተር ለማን ይሆናል?

«አላየሽም። እሺ? ምንም አላየሽም።»

ወንድሟ ይህን ያላት ገና ከመሬት ሳይነሳ ነው። ቀዩ ሞተር በጎኑ ተጋድሟል፤ እሱም አጠገቡ ተቀምጦ ጉልበቱን ይዟል። በፊት ጎማውና በመጋዘኑ ግንብ መካከል የቀረው ቦታ አንድ ሰው እንኳ አያሳልፍም። መርፌ ከቆመችበት ስትሮጥ አንድ ጫማዋ ወልቆ ኋላ ቀርቷል። እሱንም ያወቀችው አጠገቡ ከደረሰች በኋላ ነው።

«ተጎዳህ?»

«ደህና ነኝ። ነይ አግዢኝ፣ ቶሎ በይ! ሳይመጣ!»

ሳይመጣ የተባለው አጎታቸው ነው። ወገቡን ስለሚያመው ረጅም ሰዓት መቆም አይችልም። ሲያሠለጥን ከቆየ በኋላ «እስቲ ትንሽ ብቻህን ተለማመድ፣ ቀስ ብለህ» ብሎ ውሃ ሊገዛ ሄዷል። ሞተሩን ሁለት ሆነው ሲያነሱት መርፌ ትንፋሿ አጠረ።

«ይሄ ሞተር ነው በሬ?» አለች።

ወንድሟ አልሳቀም። የተጫረውን የመሪ ጫፍ በሸሚዙ እጅጌ እየፈተገ ነበር።

መርፌ የሆነውን በደንብ አይታለች። ችግሩም እሱ ነው። ወንድሟ በባዶው ሜዳ ዳር ቀስ ብሎ፣ አምሮበት፣ እንደ አዋቂ እየዞረ ነበር። ወዲያ ማዶ ከሚጫወቱት ልጆች አንዲት ኳስ ተንከባላ ፊቱ ገባች። የምታስፈራ ኳስ አልነበረችም። ማንም ሰው ፍሬን ይዞ ያሳልፋት ነበር። ሞተሩ ግን ጮኸና ተወረወረ። ኳሷን አልፎ፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ግንቡ ሄደ። የወደቀውም ወንድሟ በመጨረሻ መሪውን ስለጠመዘዘ ነው።

«ለምን ጋዝ ሰጠህ?» አለችው።

«አልሰጠሁም!»

«ኧረ ጮኸ እኮ! አይቼዋለሁ።»

«አልሰጠሁም አልኩሽ! ልይዘው ነው የሞከርኩት።» ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «መርፌ፣ በናትሽ። እማ ያንቺን ቃል ነው የምትጠብቀው። ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ያላወቀችው መልሱን ነው። ልይዘው ነው የሞከርኩት ማለት ምን ማለት ነው? የያዙት ነገር እንዴት ይሮጣል?

አጎታቸው ውሃውን በብብቱ ይዞ፣ ወገቡን ደግፎ መጣ። «እህሳ፣ እንዴት ነው ጎረምሳው?»

«ምርጥ ነው!» አለ ወንድሟ።

አጎታቸው ወደ እሷ ዞረ። መርፌ ጫማዋን ለማምጣት ሄደች።

---

«መርፌ» የሚለውን ስም ያወጣላት ይኸው ወንድሟ ነው። ቀጭን ስለሆነችና የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ነው ይላል። እናታቸው ግን «ምላሷን አይተህ ነው እንጂ!» ትላለች። ወንድሟ ትምህርት ቤት ከጨረሰ ብዙም አልቆየ፤ መንጃ ፈቃዱ ገና አዲስ ነው። ያሠለጠኑት በአንዲት ትንሽ፣ ዳገት ላይ በምታለከልክ የማሠልጠኛ ሞተር ነው። የአጎታቸው ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው። ስድስት መቶ ሲሲ፣ ስፖርት፣ ነጂውን ታንኩ ላይ በደረቱ የሚያስተኛ። ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ሞተር ሲያጥብና ሲወለውል ነው ያደገው። አጎታቸው ወገቡ እምቢ ሲለው «ለባዳ ከምሸጠው ለእህቴ ልጅ ልስጠው» አለ። ቤቱ በደስታ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ እናታቸው እሺ ማለት አለባት።

እናታቸው መጀመሪያ እሺ አላለችም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ልትዘጋው ስትል ወንድሟ ደረሰባት።

«አንቺ ተለማማጆችሽን በየትኛው ማሽን ነው የምታስጀምሪያቸው? በእግር መኪናው ነው በፈጣኑ?»

በዚህ ነገር እናታቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቃታል። ሌሎች ልብስ ሰፊዎች ጀማሪን በእግር በሚረገጠው አሮጌ መኪና ያስቀምጣሉ። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፋብሪካው ማሽን፣ ያውም መርገጫውን ገና ነካ ሲያደርጉት ጨርቁን ይዞ በሚበረው ላይ ታስቀምጣቸዋለች። «በቀርፋፋ የተማረ እጁ ቀርፋፋ ሆኖ ይቀራል» ትላለች። ተለማማጆቿም እውነትም የትም ሄደው ሥራ አያጡም።

«ታዲያ እኔስ?» አለ ወንድሟ።

እናታቸው በገዛ ቃሏ ተያዘች። «እኔ ሞተር ከሞተር አልለይም» አለች በመጨረሻ። «እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ ያንን ቀይ ነገር ስታዩ ዓይናችሁ ይጠፋል። መርፌ አብራችሁ ትሂድ። አይታ ትምጣ። በሚቀጥለው እሑድ አጎታችሁ እራት ሲመጣ፣ ሁላችንም ባለንበት ትነግረኛለች። ይሆነዋል ካለች ይሆነዋል።»

መርፌ ያን ጊዜ በኩራት አንገቷ አንድ ስንዝር የረዘመ መስሏት ነበር። አሁን ግን ያንን ኩራት የሚገዛት ብታገኝ በነጻ ትሰጠው ነበር።

---

ሰኞ ትምህርት ቤት «ፕሮፌሰር»ን ጠየቀችው። ፕሮፌሰር የክፍሏ ልጅ ነው። መነጽሩ ወፍራም ነው፤ የማያውቀው ነገር እንዳለ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

«ስድስት መቶ? ለጀማሪ? ወንድምሽ አብዷል እንዴ!»

«እሺ፣ አይሆንም ማለት ነው?»

«አላልኩም። እጁ ቀላል ከሆነ ይሆናል። አየሽ፣ ሞተር ያው ብረት ነው። ዋናው እጅ ነው።»

«እጁ ቀላል መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«ሲነዳ ነዋ!»

«እስኪታወቅ ድረስስ?»

ፕሮፌሰር መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። «እሱን ባየሁት ቪዲዮ ላይ አላሉም» አለ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። መካኒኩ የአንዱን ሞተር ሆድ ዘርግፎ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። የአጎቷን ሞተር ያውቀዋል፤ ሲጠግነው የኖረ እሱ ነው።

«ለጀማሪ ይሆናል?» አለችው።

«ለጀማሪ አይሆንም የሚልሽ ፈሪ ነው» አለ መካኒኩ። ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ይሆናል የሚልሽ ደግሞ ውሸታም ነው።»

«ኧረ ግራ አታጋባኝ!»

«ምን ላድርግሽ? ፍሬኑን ብታዪው ከትንንሾቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ባለበት ነው የሚያቆመው። ደግሞ ያው ፍሬን ነው፣ አጥብቆ የያዘውን ገልብጦ የሚጥለው። ምኑን ነግሬ ምኑን ልተውልሽ?»

አመስግናው ሄደች። ያመሰገነችው ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ለአጎቷ ደወለችለት። አጎቷ ስለ ሞተሩ ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል። «ልጁ ጨዋ ነው፣ አይሮጥም» አላት። «እኔም የጀመርኩት በትልቅ ነው። ይኸው አለሁ።» ቀጥሎ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው «አብረውኝ የጀመሩት ሁሉ የሉም እንግዲህ» አለና ወሬውን ወደ ወገቡ ሕመም አዞረው።

መርፌ ስልኩን ዘግታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ልክ የሆነ ነገር ተናገሩ። ልክ የሆኑትን ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ ስታደርጋቸው ግን አንዱ አንዱን እየገፋ ይጥለዋል። ወንድሟ ቤት ውስጥ እየዞረ ያፏጫል። ለሄልሜቱ ማስቀመጫ ግድግዳው ላይ ምስማር መትቷል። ትላንት እሷን አይቶ በዓይኑ ጠቀሳት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያለወትሮው ጫማዋን ጠርጎ በር ላይ አስቀመጠላት። ያን ጊዜ አልቅሺ አልቅሺ አላት። እሺ ይሆነዋል ብትልስ? ደግሞስ ወደቀ እንጂ ምን ሆነ? ሰው ሁሉ ይወድቃል። ብስክሌት ስትማር እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ወድቃለች!

---

ሐሙስ ከሰዓት እናቷን ለማገዝ ስፌት ቤት ገባች። አዲስ ተለማማጅ መጥታለች፤ ዓይናፋር፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጎነጎነች ልጅ። እናቷ በፈጣኑ ማሽን አስቀምጣታለች። ማሽኑ ላይ ክር የለም፤ ልጅቷ የምትሰፋውም ወረቀት ላይ ነው። በእርሳስ የተሰመረውን መስመር በባዶ መርፌ እየበሳሳች ትከተላለች።

መርፌ የምትተኩሰውን ልብስ ይዛ ቆማ ሳለ እናቷ ኮቴዋን አጥፍታ ከተለማማጇ ኋላ ሄደች። የሚመጣውን ስለምታውቅ መርፌ ካውያውን ከልብሱ ላይ አነሳች።

«ዋይ!» ብላ ጮኸች እናቷ።

ልጅቷ ዘለለች። ማሽኑ ግጥጥጥ ብሎ ወረቀቱን በላው፤ መስመሩን ስቶ እስከ ጫፍ ቀደደው።

ይህ የእናቷ ፈሊጥ ነው። ድሮ «እሳት!» እያለች ነበር የምትጮኸው። አንድ ቀን ጎረቤቱ ባለሱቅ ባልዲ ውሃ ይዞ ገብቶ የሰው ሱፍ ላይ ከደፋባት በኋላ ነው «ዋይ» ወደሚለው የዞረችው።

«አይዞሽ፣ የኔ ልጅ» አለች ተለማማጇን፣ ጀርባዋን እያሻሸች። «ክር ገና ነው። ሰው ሲደነግጥ ያለውን ይጨብጣል፣ እግሩም ይጫናል። እግርሽ በድንጋጤ መነሳት እስኪለምድ ድረስ ወረቀት ላይ ነን።»

መርፌ ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰው ሲደነግጥ ያለውን ይጨብጣል። ወንድሟስ በእጁ የነበረው ምን ነበር?

«ልጄ፣ ካውያው!» አለች እናቷ። «እጅሽን ልታቃጥዪ ነው!»

---

ቅዳሜ ወንድሟ አጎታቸው ግቢ ውስጥ ሞተሩን አጠበ። ሲጨርስ ላዩ ላይ ወጣ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉም ቤት ውስጥ አጎታቸው ዘንድ ነው። ታንኩ ላይ ጎንበስ ብሎ በአፉ «ቭርርርም» እያለ ማርሽ ይቀይራል። ሲያዩት ሙሉ ሰው ሳይሆን የአሥር ዓመት ልጅ ይመስላል። መርፌ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክራ በዝግታ ዞረች። በዚያች ሰዓት ራሷ ክፉ ሆና ታየቻት። ቢሆንም አልተመለሰችም። ኮቴዋን አጥፍታ ከኋላው መጣች።

«ዋይ!»

ወንድሟ ከመቀመጫው ተፈናጠረ። «ምን ሆነሻል አንቺ! ልቤን አጠፋሽው እኮ!»

«እጅህን እየው» አለችው።

«የምን እጅ?»

«እንዳትለቅ! ቀኝ እጅህን እየው።»

አየ። ቀኝ እጁ መሪውን አንቆ ይዟል። የጋዙ መያዣ በዚያው እጅ ውስጥ እስከ መጨረሻው ድረስ ተጠምዝዟል። የፍሬኑን ማንሻ አንድ ጣት እንኳ አልነካውም። ጣቶቹን ሲፈታ ጋዙ «ጠቅ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እና?» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ምን ማለት ነው? በድንጋጤ ትፈርጂብኛለሽ? ሰው ሁሉ ይደነግጣል።»

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

«ለምጄ እተወዋለሁ።»

«በዚህ ላይ ሆነህ? ማሠልጠኛው የሰጡህ ትንሿ ላይ ቢሆን...»

«ትንሿን ማን ይሰጠኛል? አንቺ ትገዢልኛለሽ?» ከሞተሩ ወረደ። «እማ ነገ እሺ ካላለች አጎቴ ይሸጠዋል። በቃ፣ አለቀ። ስንት ዓመት ነው ያጠብኩት፣ መርፌ? ዝናብ ሲመጣ ማን ነው የሚሸፍነው?»

«አንተ ነህ።»

«እና እህቴ ሆነሽ ትወጊኛለሽ?»

ወንድሟን ከማንም በላይ ትወደዋለች፤ አሁን ደግሞ ያው ወንድሟ እንደ ከዳችው እያያት ነው። አይሆንም እንዳትል፣ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች? አጎቷ በትልቅ ጀምሮ አለ። ተለማማጆቹም በፈጣኑ ጀምረው ጥሩ ይሰፋሉ። ይሆናል እንዳትል ደግሞ ያ እጅ ዓይኗ ላይ ተጣብቋል።

---

እሑድ አጎታቸው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ቁልፉን ገና ሲገባ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠው። ሾርባው ተቀዳ። ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ አከራዩ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ወንድሟ ሾርባውን እያማሰለ አልቀመሰውም።

«በሉ እንግዲህ» አለች እናታቸው እጇን ጠርጋ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መርፌ፣ ይሆነዋል ወይስ አይሆነውም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«አላውቅም» አለች።

አጎቷ በሳቅ ፈረሰ። «ይቺ ምላስ አላውቅም የምትል ሆነች? ጉድ ነው!»

«እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ሁሉንም ጠየቅኩ፣ የባሰ ግራ ገባኝ።»

እናቷ ትንሽ አየቻትና ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንግዲህ ክፉ ነገር አይታ ቢሆን መርፌ ዝም አትልም ነበር። ካላየች ምን እላለሁ? ልጁም ትልቅ ሰው ሆኗል። ከፈጣኑ ይጀምር፣ እግዜር ይጠብቀው።» እጇን ወደ ቁልፉ ዘረጋች፤ አንስታ ልትሰጠው።

ወንድሟ ተነፈሰ። ሳምንቱን ሙሉ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ነው የለቀቀው። ወደ መርፌም ዞሮ ፈገግ አለ። ምስጋና ያለበት፣ የልጅነቱ ፈገግታ ነበር። መርፌ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዝም ብትል ይህ ፊት የሷ ነው። እስከ ነገ፣ ምናልባት እስከ ከነገ ወዲያ። ምናልባትም ብዙ ዓመት፤ እንደ አጎቷ። እንደ አጎቷ ይሁን ወይስ እንደሌሎቹ ግን ማን ያውቃል? እሷ አታውቅም። ያየችውን ግን አይታለች።

«እማ፣ ቆይ» አለች። «ኳስ ገባችበት።»

«የምን ኳስ?»

«መርፌ!» አለ ወንድሟ።

«ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ ሜዳው ላይ፣ አጎቴ ውሃ ሊገዛ ሲሄድ። ኳስ ፊቱ ገባች፣ ደነገጠ። ሲደነግጥ ሞተሩ ተወረወረ። ግንቡ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አላየሽም አለኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። ትላንት ደግሞ የቆመ ሞተር ላይ ተቀምጦ ሳለ ከኋላው መጥቼ ጮህኩበት፣ እንዳንቺ። እጁ...» ውሃ ጠጣችና ቀጠለች። ስለተጫረው መሪ፣ እስከ መጨረሻ ስለተጠመዘዘው ጋዝ ሁሉንም ነገረቻቸው። ይሆነዋል ወይም አይሆነውም የሚል ቃል ግን አልጨመረችም።

የእናቷ እጅ ቁልፉ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። «እውነት ነው?» አለች፣ ልጇን።

ወንድሟ ሾርባውን እያየ ቆየ። «እውነት ነው» አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

አጎታቸው አልሳቀም። «ለምን አልነገርከኝም፣ የኔ ልጅ?» አለና ሊቀጥል ፈልጎ ተወው።

እናታቸው ቁልፉን አንስታ ለአጎታቸው መለሰችለት። «ለጊዜው አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አለች። «እንመካከርበታለን። አትሽጠው፣ ግን ለልጁም አትስጠው።»

ወንድሟ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። በመርፌ አጠገብ ሲያልፍ አላያትም። ክፍሉ ገባና በሩን በኃይል ዘጋው፤ ሄልሜት ሊሰቀልበት የተመታው ምስማር ግድግዳው ላይ ባዶውን ነበር። ወዲያው ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ተከፈተ።

«ያኮርፍሻል» አላት አጎቷ በሐዘኔታ። «ይሄ ልጅ ሲያኮርፍ አታውቂውም እንዴ? ወር ነው።»

«አውቀዋለሁ» አለች መርፌ። በሩን አየችው። ዝግ ነው፤ ሙዚቃው ግን ግድግዳውን አልፎ ይመጣል።

ያኩርፍ፣ አለች በልቧ። ቤት ሆኖ የፈለገውን ያህል ያኩርፍ።

ከዚያ የሱን ሾርባ እንዳይበርድ በሳህን ከደነችው።